ፒዲጂ ላይቭ ለብርቅዬ መፍረሶች ይበቃል? የላምዳ ሲ ገጽ ሲፈተሽ

አብዛኛው የፊዚክስ ተማሪ ፒዲጂ ላይቭ የሚገባው የአንድ ቅንጣት ክብደት ወይም ዕድሜ አይቶ ለመውጣት ነው። ለዚህ አገልግሎቱ እንከን አይወጣለትም። አሪፍ ነው፣ በቃ። ስለዚህ እዚያ ላይ ጊዜ አላጠፋም። እኔ ማየት የፈለግሁት በጣም የሚያስቸግረውን ጥግ ነው፤ ቻርም ኳርክ ያላቸው ባርዮኖች (ከሦስት ኳርክ የተሠሩ ቅንጣቶች) እጅግ አልፎ አልፎ በሚፈርሱባቸው መንገዶች ላይ የተለካው፣ ወይም ተፈልጎ የታጣው፣ የተመዘገበበትን። እዚያ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ "ይህን ያህል ነው" አይልም። "ከዚህ አይበልጥም" ነው የሚለው። እንዲህ ያለው ቁጥር ደግሞ ላዩን ብቻ አይቶ ለሚሮጥ ሰው ጥሩ ወጥመድ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስተዋውቅ። ፒዲጂ ማለት ፓርቲክል ዳታ ግሩፕ ሲሆን መቀመጫው ካሊፎርኒያ የሚገኘው የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ነው። ሥሩ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ይመዘዛል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ቡድኑ ራሱ ምንም አይለካም። በዓለም ዙሪያ የወጡትን የቅንጣት ልኬቶች ይሰበስባል፣ ይመዝናል፣ አማካይ ያወጣል፣ የማይስማሙትንም "አይስማሙም" ይላል። ትልቁ ጥራዝ በየሁለት ዓመቱ ይወጣል፣ ድረ ገጹ በየዓመቱ ይታደሳል። ከ2,000 ገጽ በላይ የሆነውን ነገር ተሸክማችሁ መዞር ካልፈለጋችሁ ኪስ የምትገባ ትንሽ መጽሐፍም አለቻቸው። ላይቭ የሚባለው ይህን ሁሉ እየነካችሁ የምትገቡበት የድረ ገጽ ቅርጹ ነው። ክፍያ የለውም። ተመዝገቡ አይልም። ማስታወቂያ የለበትም። በዚህ ዘመን ይህ ራሱ አንድ ኮከብ ያሰጣል።

አሁን ወደ ላምዳ ሲ እንግባ። ላምዳ ሲ አንድ አፕ፣ አንድ ዳውን እና አንድ ቻርም ኳርክ የያዘ ባርዮን ነው፤ ፕሮቶንን ወስዳችሁ አንዱን አፕ በቻርም ብትተኩት የምታገኙት ማለት ነው። ክብደቱ 2,286.46 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፣ ማለትም የፕሮቶንን ሁለት እጥፍ ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ዕድሜው 203 ፌምቶ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው (አንድ ፌምቶ ሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ሚሊዮንኛ ነው)። ዲ ፕላስ የሚባለው ቻርም ያለው ሜዞን (የኳርክና የአንቲኳርክ ጥንድ) አምስት እጥፍ ያህል ይኖራል። ይህ ተራ ዝርዝር እንዳይመስላችሁ፤ ብርቅዬ መፍረስ ፈላጊዎችን ልባቸውን የሚያደርቀው ይኸው አጭር ዕድሜ ነው። ቅንጣቱ ከተፈጠረበት ቦታ ብዙ ሳይርቅ ስለሚፈርስ ልጆቹን፣ ማለትም ሲፈርስ የሚወጡትን ቅንጣቶች፣ ከግጭቱ ፍርስራሽ ለመለየት ሚሊሜትርና ከዚያም በታች ያለውን ርቀት ማየት የሚችል ዲቴክተር ያስፈልጋል። ሰርን ያለው ኤልኤችሲቢ የተባለ ሙከራ ቬሎ የተባለውን የሲሊኮን ዲቴክተሩን ከጨረሩ 8 ሚሊሜትር ገደማ ድረስ ያስጠጋው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ገጹን ስትከፍቱ ከላይ ክብደትና ዕድሜ ይመጣል፣ ቀጥሎ የመፍረሻ መንገዶች ሰንጠረዥ። ሰንጠረዡ በጥሩ ሁኔታ ተከፋፍሏል። ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን የሚሰጡት ለብቻ፣ ሃይፔሮን (ስትሬንጅ ኳርክ ያለው ባርዮን) የሚሰጡት ለብቻ፣ ኒውትሪኖ ያለባቸው ለብቻ። እኛ የምንፈልገው ከታች፣ መጨረሻ አካባቢ ነው፤ በገለልተኛ ደካማ ኃይል የሚሄዱት ወይም የሌፕቶን ወይም የባርዮን ቁጥር ሕግ የሚጥሱት አንድ ላይ የታጎሩበት ክፍል። እያንዳንዱ ረድፍ መንገዱን፣ ድርሻውን፣ የእርግጠኝነት ደረጃውንና ለልጆቹ የሚደርሰውን ሞመንተም ይሰጣችኋል። ረድፉን ስትነኩት ደግሞ ከጀርባው ያሉት ልኬቶች በሙሉ ይዘረገፋሉ፤ ማን ለካ፣ በምን ዲቴክተር፣ ስንት ክስተት አየ። ከዚያ በአንድ ንክኪ ወደ ዋናው ጽሑፍ መዝገብ ትሄዳላችሁ። ይሄ ክፍል ልቤን ገዝቶታል።

እንፈትሸው እንግዲህ። የመረጥኩት ረድፍ ላምዳ ሲ ወደ ፕሮቶንና ሁለት ሙዮን (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ) የሚፈርስበትን ነው። ለምን እሱ? ቻርም ኳርክ ቻርጁን ሳይቀይር ወደ አፕ ኳርክ መለወጥ አለበት፣ ስታንዳርድ ሞዴል፣ ማለትም የቅንጣት ፊዚክስ ዋና ንድፈ ሐሳብ፣ ደግሞ ይህን በቀጥታ አይፈቅድም። በሉፕ በኩል (ሌሎች ቅንጣቶች ለቅጽበት ብቅ ብለው በሚጠፉበት ዙሪያ መንገድ) ተዘዋውሮ ብቻ ነው፣ እሱም ውስጥ የሚገቡት ኳርኮች እርስ በርስ ስለሚጣፉ የሚተርፈው ኢምንት ነው። ንጹሕ የሉፕ ድርሻው ከቢሊዮን አንድ አካባቢ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ከዚያ በጣም በልጦ ከታየ አንድ ያልታወቀ ነገር እዚያ ውስጥ እጁን አስገብቷል ማለት ነው። የሰው ጉጉት ከዚህ የመጣ ነው።

የዚህ ረድፍ ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። ፌርሚላብ የነበረው ኢ653 የተባለ ሙከራ በ1995 "ከ10 ሺህ 3.4 አይበልጥም" አለ። አሜሪካ የነበረው ባባር የተባለ ሙከራ በ2011 ወደ ከ100 ሺህ 4.4 አወረደው። ከዚያ ኤልኤችሲቢ መጣና በ2018፣ በመጀመሪያው ዙር ዳታው፣ ከ100 ሚሊዮን 7.7 ላይ አስቀመጠው። ከባባር ወደዚህ ከ500 እጥፍ በላይ መውረድ ነው! በ2024 ደግሞ ያው ኤልኤችሲቢ በሁለተኛው ዙር ዳታ ከ100 ሚሊዮን 2.9 አደረሰው። ረድፉን ነክታችሁ ስትገቡ ቀደም ያሉት ጣሪያዎች "ለአማካይ ያልተጠቀምንባቸው" በሚል ክፍል ተሰልፈው ታገኟቸዋላችሁ። ማንንም አልሰረዙም። የተሸነፈ ቁጥር እንኳ ቦታ አለው፣ ይሄን እወድላቸዋለሁ።

እዚህ ድረስ ሙሉ ነጥብ። ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው።

ዋናው ሰንጠረዥ ላይ ያለው አንድ ረድፍ፣ ትንሿ ምልክትና ቁጥር፣ በጣም ወሳኝ የሆነ ነገር አይነግራችሁም፤ ሙዮኖቹ የተቆጠሩት በየትኛው መስኮት ውስጥ ነው? ነገሩ እንዲህ ነው። ላምዳ ሲ ወደ ፕሮቶንና ሁለት ሙዮን በሌላ ተራ መንገድም ይደርሳል። መጀመሪያ ወደ ፕሮቶንና ፋይ ወደተባለ አጭር ዕድሜ ያለው ሜዞን ይፈርሳል፣ ፋይ ደግሞ ወደ ሁለት ሙዮን። በኦሜጋ፣ በሮ እና በኤታ በኩልም እንዲሁ። ውጤቱ አንድ ዓይነት ነው፣ ፕሮቶንና ሁለት ሙዮን፣ ግን ከእነዚህ ጀርባ ምንም የተደበቀ ነገር የለም፤ የታወቁት የደካማውና የኤሌክትሮማግኔቲክ ኃይሎች ሥራ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ የሁለቱን ሙዮኖች ጥምር ክብደት ያሰሉና በእነዚህ ቅንጣቶች አካባቢ የወደቀውን ያስወጣሉ። ኤልኤችሲቢ በ2018 በፋይና በኦሜጋ ክብደት ግራና ቀኝ 40 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አጥሮ ነው ያስወጣው። ያ ጣሪያ እንግዲህ ለቀረው ክፍል ነው።

ይህን የማያውቅ ሰው ረድፉን አይቶ "ላምዳ ሲ ወደ ፕሮቶንና ሁለት ሙዮን ፈጽሞ ታይቶ አያውቅም" ብሎ ይወጣል። ሐሰት ነው! በፋይ በኩል ያለው ታይቷል፣ ከዚያም አልፎ እንደ መለኪያ ያገለግላል። በኦሜጋ በኩል ያለውንም ያው የ2018ቱ ሥራ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በሙዮኖች ያየው። የ2024ቱ ደግሞ በኤታ፣ በሮ እና በኦሜጋ አካባቢ ያለውን ድርሻ ለክቷል። ያልታየው ከእነዚህ ውጭ ያለው ነው። መረጃው የለም እያልኩ አይደለም፣ ረድፉን ተከትላችሁ ጽሑፉ ድረስ ከገባችሁ በዝርዝር አለ። ግን ዋናው ሰንጠረዥ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት፣ "ይህ ቁጥር መስኮት አለው" የምትል፣ ብትኖር ስንቱን ታድን ነበር።

ሁለተኛው ነገር የእርግጠኝነት ደረጃው ነው። የ2024ቱ ውጤት በ90 ከመቶ 2.9 ነው፣ በ95 ከመቶ 3.2። ዳታው ያው ነው፣ ቁጥሩ ሁለት። የሁለት ሙከራዎችን ጣሪያ ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ደረጃው አንድ መሆኑን ካላያችሁ ከንቱ ክርክር ውስጥ ትገባላችሁ። እዚህ ላይ ግን ፒዲጂን አልወቅስም። ደረጃውን ረድፉ ላይ ራሱ ጽፎታል፣ እሱን የማያነብ ሰው የራሱ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ሀብት እንምጣ፤ ሰው የማይነካቸው ገጾች ውስጥ ነው ያለው። ብርቅዬ መፍረስ በቀጥታ ተቆጥሮ አይለካም። ስንት ላምዳ ሲ እንደተፈጠረ በትክክል የሚያውቅ የለም፣ ዲቴክተሩም የሚይዘው ከፊሉን ብቻ ነው። ስለዚህ የምትፈልጉትን መፍረስ ከሚታወቅና ከሚመሳሰል መፍረስ ጋር ታወዳድራላችሁ፣ የማይታወቀው አብዛኛው ነገር ከላይና ከታች ይጣፋል። ኤልኤችሲቢ ለማወዳደሪያ የወሰደው ያንኑ የፋይ መንገድ ነው። እስቲ በገጹ እናስላው። ወደ ፕሮቶንና ፋይ የሚሄደው ድርሻ ከ1,000 አንድ ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ፋይ ገጽ ተሻግራችሁ ወደ ሁለት ሙዮን የሚሄደውን ታያላችሁ፤ ከ10 ሺህ ሦስት ሊሞላ ትንሽ የቀረው። አባዙት። ከ10 ሚሊዮን 3 ይመጣል። ማወዳደሪያው ራሱ ይህን ያህል ብርቅ ነው! አዲሱ ጣሪያ ደግሞ ከእሱ በአሥር እጥፍ ያንሳል። ይህን ሂሳብ ገጹ አይሠራላችሁም፣ ሁለት ገጽ ከፍታችሁ ራሳችሁ ማባዛት አለባችሁ፣ ግን አንዴ ካባዛችሁ የሙከራውን ክብደት እንደዚያ የሚያሳያችሁ ሌላ ነገር የለም።

የፕሮቶንና ፋይ ድርሻስ ከየት መጣ? እሱም በንጽጽር ነው። ተከታትላችሁ ስትወርዱ መጨረሻ ላይ የምትደርሱት ፕሮቶን፣ ካኦንና ፓዮን ወደሚሰጠው ታዋቂ መንገድ ነው። የላምዳ ሲ ገጽ አብዛኛው ክፍል በዚህ ላይ ነው የቆመው። ገበያ ላይ የሚዛኑ ድንጋይ ከተሳሳተ የተመዘነው ሁሉ አብሮ ይሳሳታል፣ እዚህም እንደዚያው። ይህ መሠረት ለብዙ ዓመታት ደካማ ነበር። ፒዲጂ 5.0 ከመቶ ይል ነበር፣ ስህተቱ ግን 1.3። ከሩብ በላይ እርግጠኛ ያልሆነ መሠረት! ያውም በሞዴል ግምት ላይ የተደገፈ። በ2014 ጃፓን ያለው ቤል 6.84 ከመቶ አለ፣ በሞዴል ሳይደገፍ። ብዙም ሳይቆይ ቤጂንግ ያለው ቤስ 3፣ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮንን በ4.6 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት እያጋጨ፣ ማለትም ሁለት ላምዳ ሲ ለመፍጠር ብቻ በምትበቃ ጉልበት፣ 5.84 ከመቶ ይዞ መጣ። አንዱን ላምዳ ሲ ሙሉ በሙሉ ከያዝክ ሌላው እዚያ መኖሩን ታውቃለህ፣ ስለዚህ ጠቅላላውን መቁጠር ትችላለህ። ብልሃቱ ይሄ ነው፣ እና ደስ የሚል ብልሃት ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች ግን ሙሉ በሙሉ አይስማሙም፤ ልዩነቱ ከስህተታቸው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ፒዲጂ ምን ያደርጋል? አንዱን መርጦ ሌላውን አይጥልም። አማካዩን ይወስድና ስህተቱን ስኬል ፋክተር በሚሉት ቁጥር ያሰፋዋል፣ ያንን ቁጥርም ረድፉ ላይ ይጽፈዋል። ስለዚህ ከስህተቱ አጠገብ ከአንድ የሚበልጥ ስኬል ፋክተር ስታዩ "እዚህ ቤት ውስጥ ጠብ አለ" ማለት እንደሆነ ወዲያው ትረዳላችሁ። አማካዩ አሁን ከ6 ከመቶ ትንሽ ከፍ ይላል። እኔ አንድን አገልግሎት የማምነው እንዲህ ሲሆን ነው፤ የማይስማማውን በአንድ ለስላሳ ቁጥር ሸፍኖ አያልፍም።

ስለ መዘግየት ደግሞ። ትልቁ እትም የሚዘጋበት ቀን አለው፣ በዓመቱ መጀመሪያ አካባቢ። የኤልኤችሲቢ አዲሱ ጣሪያ ይፋ የሆነው በሐምሌ 2024 ስለሆነ የ2024ቱ እትም ውስጥ ሊገባ አይችልም ነበር። ያንን እትም አውርዶ ስልኩ ላይ ያስቀመጠ ሰው አሁንም አሮጌውን 7.7 ነው የሚያየው። የወረደ ፋይል ይዛችሁ ስለ ብርቅዬ መፍረስ አትጻፉ፣ ላይቩን ክፈቱ፣ ከዚያም አርካይቭ (የምርምር ጽሑፎች ከመታተማቸው በፊት የሚወጡበት ድረ ገጽ) ላይ ያለፈው አንድ ዓመት ምን እንደወጣ እዩ። ሁለቱም ነጻ ናቸው።

ሌላ ትንሽ ቅሬታ፦ ልኬቶቹ የሚጠቀሱት በመጀመሪያው ደራሲ ስም ነው። ትልልቆቹ ቡድኖች ደግሞ ደራሲዎቻቸውን በፊደል ቅደም ተከተል ስለሚዘረዝሩ፣ አንድ ሰው በስሙ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ የዓለምን ግማሽ የለካ ይመስላል። አዲስ አንባቢን ግራ ያጋባል። መድኃኒቱ ስሙን ትቶ ዲቴክተሩ የተጻፈበትን ዓምድ ማየት ነው። ሰንጠረዦቹ ብዙ ዓምድ ስላላቸውም ትንሽ ስክሪን ላይ ይጨናነቃሉ፣ ስልኩን ወደ ጎን አድርጉት። በሌላ በኩል ገጾቹ ቁጥርና ጽሑፍ ናቸውና ዳታ አይበሉም፣ ኢንተርኔቱ ሲያነክስም ይከፈታሉ።

ኮድ ለምትጽፉ ደግሞ ድንቅ ነገር አለ። ቡድኑ የፓይተን ፓኬጅ አውጥቷል፣ መላውን መረጃም በአንድ የዳታቤዝ ፋይል ማውረድ ትችላላችሁ። ከዚያ ከድረ ገጹ ላይ ቁጥር እየገለበጡ መጻፍ ቀረ። ላምዳ ሲን የምትጠሩት በ4122 ነው፤ ይህ ቁጥር የፒዲጂ መለያ ሲሆን ሲሙሌሽን የሚሠሩ ፕሮግራሞችም የሚጠቀሙት ያንኑ ነው። ፕሮቶን 2212፣ ሙዮን 13። የመስኩ ሰዎች እነዚህን በቃላቸው ነው የሚያውቋቸው።

ከአማራጮቹ ጋር ላወዳድረው። ሄፕዳታ የአንድን ጽሑፍ ሠንጠረዦችና ግራፎች በቁጥር ያስቀምጣል፣ ግን አማካይ አያወጣም፣ አይፈርድም። አርካይቭ ትኩስ ነው፣ ግን ያልተበጠረ ክምር ነው። ዊኪፒዲያ ለመግቢያ ጥሩ ነው፣ ለጣሪያ ቁጥር ግን አልተማመንበትም። ሁሉንም አንድ ቦታ ሰብስቦ፣ መዝኖ፣ የቆየውን ሳይጥል የሚያሳይ ሌላ የለም። ከአምስት አራት ኮከብ። አምስተኛውን ያስቀረሁት በዚያ በመስኮቱ ጉዳይ ነው፣ ስለ ዲዛይኑ እድሜ ጠገብነት ግድ የለኝም።

ለማን ይሆናል? ከዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ወዲህ ላለ ተማሪ፣ ለመምህር፣ ስለ ሳይንስ ለሚጽፍ ሰው። ለጀማሪ ግን ብቻውን አይሆንም፤ ገጹ ላምዳ ሲ ምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ አያስረዳም። ግምገማ የሚሏቸው ረጃጅም ጽሑፎች እዚያው አሉ፣ ጥሩዎች ናቸው፣ ቢሆንም የሚያወሩት ቀድሞ ለገባው ሰው ነው። ሌላም ረድፍ ማየት ከፈለጋችሁ በሙዮን ፋንታ ኤሌክትሮን ያለበትን ንኩ። ባባር በ2011 ያስቀመጠውን ከሚሊዮን 5.5 ታገኛላችሁ፣ ኤልኤችሲቢ ከደረሰበት የሙዮን ጣሪያ ጋር ስታወዳድሩት ሰማይና ምድር ነው። ኤሌክትሮን በዲቴክተሩ ውስጥ ሲያልፍ ብርሃን እየረጨ ጉልበቱን ስለሚያፈስ እንደ ሙዮን በጥራት አይለካም፤ ሙዮን ግን ሌላው ሁሉ ከቀረ በኋላ ግድግዳውን ሰንጥቆ ይወጣል።

ቁጥር ማንበብ ብቻ ለማይበቃው ሰው ደግሞ መልካም ዜና አለ። ያ የ2018 ጣሪያ የወጣበት የመጀመሪያው ዙር የኤልኤችሲቢ ዳታ፣ ማለትም በ2011 እና በ2012 የተሰበሰበው፣ በሰርን ኦፕን ዳታ በኩል ለሕዝብ ተከፍቷል። መጠኑ በመቶዎች ቴራባይት ስለሆነ ማውረዱን እርሱት፤ የምትፈልጉትን መፍረስ በድረ ገጽ መርጣችሁ ጥያቄ የምታስገቡበትና ቡድኑ አይቶ የተቀነሰ ፋይል የሚያዘጋጅበት አገልግሎት አላቸው። ከሞከራችሁት ፒዲጂን ጎን ከፍታችሁ ሥሩ፣ ክብደቱንም ዕድሜውንም ከዚያ ውሰዱ። ብርቅዬውን ከመፈለጋችሁ በፊት ግን በሁለቱ ሙዮኖች ጥምር ክብደት ላይ 1,020 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ የፋይ ጉብታ መኖሩን እዩ። እሱ ካልታያችሁ ሌላውን ፍለጋ አትድከሙ፣ ወደ መምረጫችሁ ተመለሱ።